መሥሪያ ቤቱ መድረክ ላይ ሲወጣ

በዱርቤቴ ለጎልማሶች ትምህርት ተከታታዮች የተዘጋጀ ንግግር



ፊደል ቆጥረን ማንበብ ከቻልን ወዲህ ስለ ብዙ ነገር ተነጋግረናል። ስለ ዘር አመራረጥ፣ ስለ ምንጭ ውሃ አጠባበቅ፣ ስለ ወባ አንብበናል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ቲያትር ነው። «ቲያትር የከተማ ሰው ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ለገበሬዎች ምን ይበጀናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ቀስ ብለን አብረን እንፈልገው።

ቲያትር ማለት ምንድን ነው? አንድ ሰው ሌላውን ሰው መስሎ፣ የዚያን ሰው ንግግርና ኑሮ በሕዝብ ፊት የሚያሳይበት ጨዋታ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማታ እሳት ዳር ተረት ስንናገር የጅቡን ድምፅ እናወፍራለን፤ የጦጣዋን እናቀጥናለን። በሠርግ ቤት አንዱ ተነሥቶ የንፉጉን ሰው አበላል ሲያስመስል ዳሱ በሣቅ ይሞላል። ቲያትርም ከዚሁ የተለየ አይደለም። የሚለየው አስቀድሞ የሚታሰብበት፣ የሚጠናና የሚለመድ በመሆኑ ነው።

የቲያትር ጉዳይ ብዙ ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ጋብቻ ይሠራል። ዛሬ የመረጥነው ግን የመሥሪያ ቤትን ኑሮ የሚያሳየውን ነው። መሥሪያ ቤት ስንል የወረዳውን ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያውን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ባንኩን ማለታችን ነው።

ለምን ይህን መረጥን? እስቲ እናስተውል። ቤት ሲሠራ ደቦ እንጠራለን። በሬ ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ ፍለጋ ይወጣል። ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ይሰበሰባል። ወደ ቢሮ ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን እንሄዳለን። ብቻችንን እንሰለፋለን፤ ብቻችንን «ነገ ና» እንባላለን፤ ብቻችንን እንመለሳለን። ስለዚህም እያንዳንዱ ሰው በልቡ «ዕድሌ ነው፤ ወይም መናገር ስላላወቅሁ ነው» ይላል። ጎረቤቱም እንደዚያው ይላል። ያ ጉዳይ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያየዋል። ያን ጊዜ «ለካስ የእኔ ብቻ አይደለም!» ይባላል። ብቻውን የተበሳጨ ሰው አብሮ ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤት ቲያትር ዋና ጥቅሙ ይህ ነው።

በአገራችን ይህ ሐሳብ ጥንትም ነበረ። ነገሥታቱ የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር እንሰማለን። እረኛው ሜዳ ላይ ሆኖ የሚያዜመው ዜማ የሕዝቡን ሆድ ይናገር ነበርና። እኛም ጎጃሞች በቅኔ ቤታችን ሰምና ወርቅ እናውቃለን። ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ። በግልጽ ቢናገሩት የሚያስቆጣውን ነገር በሰም ሸፍነው ይናገሩታል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ድርሰትም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው ብዙ ዓመት ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገራችንን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ድርሰታቸው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። ኮሜዲያ ማለት እያሣቀ የሚያስተምር ቲያትር ነው።

ይህ ቲያትር የታየው በአዲስ አበባ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡበት ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። ነገሩ ግን የእንስሳት አልነበረም። የቤተ መንግሥቱን አሠራር፣ ጉቦውን፣ አድልዎውን፣ ሥራ መጓተቱን የሚነካ ነበር። ተመልካቾቹም መኳንንቱ ነበሩ። ማንም በስሙ አልተጠራም፤ ወርቁ ግን ከሰሙ ውስጥ ብቅ ብሎ ታየ። ንግሥቲቱም ቲያትሩን ከለከሉ። ከዚያ ወዲያ ቲያትር ለብዙ ጊዜ ተዳፍኖ ቆየ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ቲያትር በአገራችን ገና ሲወለድ የተናገረው ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ገና ሲወለድም ተከለከለ። አንድ ሥልጣን ያለው ሰው የእንስሳት ጨዋታ ፈርቶ ሲከለክል፣ ጨዋታው ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቲያትር ጨርሶ አልጠፋም። ከእኛው ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የተወለዱት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። በመምህርነት ሲሠሩም ብዙ ቲያትር ደረሱ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ኋላም የአገር ፍቅር ቲያትር ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ቤት ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ ግን በዋና ከተማ ነበሩ።

ቲያትር ወደ ገጠር ቀበሌ የወረደው በደርግ ዘመን ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖችም ነበሩ። በጎጃም ግሽ ዓባይ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በወሎ ላሊበላ የተባሉት ቡድኖች ስማቸው የታወቀ ነው። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት ያስታውሷቸዋል። ብዙ ጥሩ ዘፋኝና ተጫዋች ከነሱ ወጥቷል። ነገር ግን ቲያትሩ ምን እንደሚል አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከላይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስለ ገበሬው ይናገራል እንጂ ገበሬው ስለ መሥሪያ ቤቱ አይናገርም ነበር።

ገበሬው ራሱ የተናገረበትን ምሳሌ ለማየት ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንሻገር። ከናይሮቢ ብዙ ሳይርቅ ሊሙሩ በሚባል አገር ካሚሪቱ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቹ ጥቂት መሬት ያላቸው ገበሬዎች፣ የእርሻ የቀን ሠራተኞችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የመንደሩ ሰዎች የትምህርትና የባህል ማዕከል አቋቁመው ጎልማሶች ፊደል መማር ጀመሩ። ልክ እንደ እናንተ ማለት ነው። ማንበብ ከቻሉ በኋላ «አሁን ምን እናድርግበት?» አሉ። ቲያትር እንሥራ ተባለ።

ድርሰቱን የጻፉት የዚያው አገር ሰዎች፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ናቸው። የጻፉት በእንግሊዝኛ አይደለም። የመንደሩ ሰው በሚናገረው በኪኩዩ ቋንቋ ነው። ርእሱ «ንጋሂካ ንዴንዳ» ይባላል፤ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ድኻ የእርሻ ሠራተኛ አንድ ተኩል ኤከር መሬት አለው። የመሬቱን የምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ኩራቱ እሱ ነው። አንድ ባለጸጋ መሬቱን ይመኛል። ባልና ሚስቱን «በሥርዓተ ተክሊል ካልተጋባችሁ» ይሏቸዋል። እነሱም ልጃችንን ለባለጸጋው ልጅ እንድራለን ብለው አስበዋልና ይስማማሉ። ለድግሱ ገንዘብ ያስፈልጋል። መሬቱን አስይዘው ከባንክ ይበደራሉ። ባለጸጋውም በባንኩ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። በመጨረሻ ዕዳው አልከፈል ይላል፤ መሬቱም ይሸጣል።

ለሠርግ ተበድሮ መሬቱን ያከራየ ሰው እኛ ዘንድ የለም እንዴ? ለዚህ ነው ይህ ታሪክ ከሩቅ አገር የመጣ የማይመስለን።

ከታሪኩ ይልቅ ግን አሠራሩ ይበልጥ ያስተምረናል። ደራሲዎቹ ድርሰቱን «አለቀ» ብለው አላመጡም። በመንደሩ ሰዎች ፊት አነበቡት። የፋብሪካ ሠራተኛው የሥራውንና የደመወዙን ነገር እሱ ያውቃልና አረመ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የጥንቱን ዘፈንና ሥርዓት አቃኑ። ልምምዱም በተዘጋ አዳራሽ ሳይሆን በአደባባይ ነበር። ያለፈ ያገደመው ቆሞ ያይና «እንዲህ አይደለም!» ይል ነበር። መድረኩንና የተመልካቹን መቀመጫ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ሠሩት። ተጫዋቾቹም እነሱው ነበሩ።

ቲያትሩ መስከረም 22 ቀን 1970 ዓ.ም. ተከፈተ። ሰው ከሩቅ መንደር ሁሉ እየመጣ ያየው ጀመር። ነገር ግን ኅዳር 7 ቀን መንግሥት ከለከለው። ታኅሣሥ 22 ቀን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተያዘና ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። እስር ቤት ሆኖ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በዚያው በኪኩዩ ቋንቋ ልብ ወለድ መጽሐፍ ጻፈ። በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ደግሞ የመንደሩ ሰዎች የሠሩትን የቲያትር ቦታ ፖሊሶች መጥተው አፈረሱት። ንጉጊ በስደት ብዙ ዘመን ኖሮ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ዐረፈ። ድርሰቱ ግን በመጽሐፍ ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ስለዚህ አንታለል። እውነት የሚናገር ቲያትር ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ይህንን ሳንደብቅ የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ብልኅነት እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እስቲ በዱርቤቴ አንድ ቲያትር ብንሠራ ምን ይመስል ነበር? በክልላችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል። የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ አለበት። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ስለሆነ ከዚህ እንነሣ። የምንነግራችሁ ለምሳሌ ያህል ያሰብነውን እንጂ በአንድ በታወቀ መሥሪያ ቤት የተፈጸመውን አይደለም።

መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ አግዳሚ ብቻ አለ። አንዲት ባልቴት ትገባለች። ባሏ ሞቷል። ደብተሩ በስሟ እንዲዞር አመልክታ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ።

ዘበኛ፦ ወዴት ነው እናቴ?

ባልቴት፦ የመሬቱን ጉዳይ ብዬ ነው ልጄ። ይህችን ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር።

ዘበኛ፦ (ወረቀቱን ሳያይ) መዝገብ ቤት ይግቡ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ፋይልዎ ኃላፊው ዘንድ መሆን አለበት።

ባልቴት፦ ኧረ ይህችን ወረቀት እይልኝ፣ ጌታዬ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ እሱን ለኃላፊው ያሳዩት።

ጸሐፊ፦ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማክሰኞ ይምጡ።

ማክሰኞ ትመጣለች። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ዐርብ ትመጣለች። ኃላፊው አሉ፤ ነገር ግን ስልክ ይዘዋል።

ባልቴት፦ ጌታዬ፣ ይህች ወረቀት…

ኃላፊ፦ (ስልኩን ሳይተው) መዝገብ ቤት ይውሰዱት፣ እናቴ። እነሱ ያዩልዎታል።

ባልቴቲቱ ደክሟት አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ቋጠሮዋን ትፈታለች። ወረቀቱን ትዘረጋለች። እሷም በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። ጣቷን እያስኬደች ቀስ እያለች ታነባለች፦ «ጉ… ዳ… ይዎ… አል… ቋል። ደብተርዎን… ከመዝገብ ቤት… ይውሰዱ።» በግርጌው የተጻፈውን ቀን ታያለች። ሁለት ወር ሆኖታል። ደብተሯ ያን ሁሉ ጊዜ መዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እስቲ እንጠይቅ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሌባው ማን ነው? ጉቦ የጠየቀ የለም። የሰደበ የለም። ሁሉም «እናቴ» እያሉ ነው ያነጋገሯት። ነገር ግን ወረቀቱን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ወደ ሌላው ገፋት። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ የአሠራሩ ነው። አንዱን ኃላፊ አንሥተን ሌላ ብናስቀምጥም አሠራሩ ካልተለወጠ ባልቴቲቱ መመላለሷ አይቀርም።

ሌላም አለ። እሷስ ለምን አስቀድማ አላነበበችውም? ማንበብ ትችል ነበር። ነገር ግን «የቢሮ ወረቀት ለቢሮ ሰው ነው» ብላ አመነች። ፊደል የተማርነው የማንበቢያ መጽሐፍ ለማንበብ ብቻ ነው እንዴ? ማኅተም ያረፈበትን ወረቀትም እንድናነብ ነው። የማይገባን ቃል ቢኖር «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው። አሻራ ከማድረጋችን በፊት በምን ላይ እንደምናደርግ እንድናውቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከተመልካቹ ጋር እንዴት እንሠራዋለን? አውጉስቶ ቦዋል የሚባል የብራዚል ሰው አንድ ጥሩ ዘዴ ትቶልናል። ቦዋል በ1965 ዓ.ም. አካባቢ ፔሩ በምትባል አገር በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውስጥ ሠርቷል። የሱ ዘዴ እንዲህ ነው። ጨዋታው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። በሁለተኛው ጊዜ ማንኛውም ተመልካች «ቁሙ!» ማለት ይችላል። ተነሥቶ በባልቴቲቱ ቦታ ይገባና «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ ያሳያል።

አንዷ ትነሣና ዘበኛውን «በል ልጄ፣ አንድ ጊዜ አንብብልኝና ከዚያ ላከኝ» ትላለች። ሌላው «ብቻዬን አልሄድም» ብሎ ሁለት ጎረቤት ይዞ ይገባል። ሦስተኛው የፋይል ቁጥሩን በደብተሩ ጽፎ ይመጣል። ኃላፊውን የሚጫወተው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ እሺ አይልም፤ እውነተኛው ኃላፊ እንደሚመልሰው ይመልሳል። እንዲህ እየተፈተነ የትኛው ዘዴ እንደሚሠራ ሁሉም ያያል።

አንድ ሕግ ግን አለ። በኃላፊው ቦታ ገብቶ ደግ ኃላፊ መሆን አይፈቀድም። ለምን? ነገ እውነተኛው ቢሮ ስንገባ ኃላፊውን በምኞት መለወጥ አንችልምና። የምንለወጠው እኛ ነን።

ይህን የመሰለ ቲያትር ስንሠራ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የሰው ስም አንጠራም። ዱርቤቴ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የአንድን ሰው አረማመድ ወይም ባርኔጣ አስመስለን ብናወጣው ቲያትሩ ስድብ ይሆናል። ሰውዬው ይጠላናል፤ ዘመዶቹም ይቀየማሉ፤ አሠራሩም አይነካም። ተክለ ሐዋርያት እንስሳትን የመረጡት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የጠረጴዛውን ወዲያኛ ወገንም እናሳይ። ያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የስንት ቀበሌ ፋይል ብቻውን ይዟል? መደርደሪያው ተሰብሮ ፋይሉ መሬት ላይ ተከምሮ ይሆናል። «ሪፖርት አምጣ» እያሉ የሚያጣድፉትም አሉ። ይህን ካላሳየን ግማሹን ብቻ ነው ያየነው። በልምምድ ጊዜ ከቢሮ ሠራተኞች አንዱን ጋብዘን «እንዲህ ነውን?» ብለን ብንጠይቅ ጨዋታው እውነት ይሆናል። ሰውዬውም ተከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ረዳታችን ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የሴቷን ቦታ ሴት ትጫወት። በጥንቱ ቲያትራችን የሴትን ቦታ ወንዶች ነበሩ የሚጫወቱት። ልጅ አዝላ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ የዋለች ሴት እያለች ወንድ ነጠላ ለብሶ ምን ያስመስላል? እሷ ታውቀዋለች፤ እሷ ታሳየው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መጋረጃ ቢጠፋ ጋቢ ይበቃል። መድረክ ቢጠፋ ዋርካ ሥር ይሆናል። ጊዜውም አለን። ዳጉሳውና በቆሎው ከገባ፣ ጤፉ ከተወቃ በኋላ ጥርና የካቲት እጃችን ፈታ ይላል። ማንበብ የቻሉት ቃሉን በደብተር ይጽፋሉ፤ ላላነበቡትም እያነበቡ ያስጠናሉ። ጨዋታውን ለማየት የሚመጣው ጎረቤትም «እኔም ለምን አልማርም?» ብሎ ይመዘገብ ይሆናል።

ከመለያየታችን በፊት በየቡድናችሁ ሆናችሁ በነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. ወደ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጉዳያችሁ የተጓተተበት ጊዜ አለን? ጥፋቱ የሰው ነበር ወይስ የአሠራር?

2. ቤታችሁ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት፣ እስከ ዛሬ ያላነበባችሁት ወረቀት አለን? ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል ጽፋችሁ አምጡ።

3. በባልቴቲቱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በቃል ብቻ አትመልሱ፤ ተነሥታችሁ አሳዩ።

4. ቲያትር ብንሠራ ስለ የትኛው መሥሪያ ቤት ይሁን? ለምን?